የአርባ ደቂቃ ትምህርት እንዴት ይነደፋል? ለደሴና ለኮምቦልቻ መምህራን የቀረበ መመሪያ

አንድ መምህር ለነገው ክፍለ ጊዜ ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚጠይቀው «ምን እናገራለሁ? ሰሌዳው ላይስ ምን እጽፋለሁ?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጥያቄው መለወጥ አለበት ከሚል ጽኑ እምነት ነው። ዕቅድ ሲወጣ መጠየቅ ያለበት «በእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሉን የሞሉት ስልሳ ተማሪዎች በአእምሯቸው ምን እየሠሩ ይሆናል?» ተብሎ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪ ይዞት የሚቀረው መምህሩ የተናገረውን ሁሉ ሳይሆን እሱ ራሱ ያሰበበትን፣ ያሰላውን፣ ለጎኑ ልጅ ያስረዳውንና ደብተሩን ሳያይ ከራሱ አውጥቶ የጻፈውን ነው። መምህሩ ጉሮሮው እስኪደርቅ አስረድቶ ተማሪዎቹ ኖት ሲገለብጡ ያለቀ ክፍለ ጊዜ በመዝገብ ላይ «ተሸፍኗል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ትምህርቱ ተማሪው ዘንድ መድረሱን ግን አያረጋግጥም።

ይህ የአመለካከት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ትንታኔ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ መምህሩ ብቻ በሚናገርበት ክፍል የተማሩት ተማሪዎች የመውደቅ ዕድላቸው በንቁ ተሳትፎ ከተማሩት ጋር ሲነጻጸር 1.5 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ጥናቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚመለከት ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ማዛወር አይገባም፤ ሆኖም ከአንድ ጥናት ሳይሆን ከብዙ ጥናቶች ድምር የወጣ በመሆኑ ማንም መምህር ሊንቀው የሚችል ግኝት አይደለም።

በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በማስተማር ዘዴ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ትምህርት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋ የለም፤ የመጻሕፍት እጥረትም፣ የክፍል መጨናነቅም፣ የኑሮ ጫናም አለ። ነገር ግን ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል መምህሩ ዛሬውኑ፣ ያለ በጀትና ያለ ደብዳቤ፣ ሊለውጠው የሚችለው የአርባ ደቂቃውን አነዳደፍ ነው። መመሪያው በዚሁ ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ለምሳሌነትም ከአንድ የጂኦግራፊ ትምህርት ሳይወጣ ይዘልቃል።

ከመጨረሻው ጥያቄ ይጀምሩ

የዕለት ትምህርት ዕቅድ ሲሞላ በዝርዝር ዓላማ ሥር «ተማሪዎች የከፍታንና የሙቀትን ግንኙነት ይገነዘባሉ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ጉድለቱ መምህሩን ለምንም ነገር የማያስገድደው መሆኑ ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት፣ ተማሪው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ማንም ሳያግዘው ሊመልሰው የሚገባውን አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በኮምቦልቻ የአየሩ ሙቀት 24 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ሰዓት በደሴ ስንት ይሆናል ብለህ ትገምታለህ? ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳ።»

ይህ ጥያቄ ከተጻፈ በኋላ የክፍለ ጊዜው ይዘት ራሱ እየተመረጠ ይመጣል። ተማሪው የሙቀት መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ እንደሚቀንስ ማወቅ አለበት፤ የከፍታውን ልዩነት መቀነስና በምጣኔው ማባዛት መቻል አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ለምን እንደሚቀዘቅዝ መናገር አለበት። ከእነዚህ ሦስቱ ለአንዱም የማያገለግል ማብራሪያ፣ የቱንም ያህል የሚስብ ቢሆን፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 የትምህርት ዓላማዎችን ከዕውቀት ተነሥተው በመረዳት፣ በመተግበር፣ በመተንተንና በማዋሐድ በኩል እስከ መገምገም በደረጃ ያስቀመጡት፣ መምህሩ የሚያስተምረውና የሚፈትነው አንድ ደረጃ ላይ መሆናቸውን እንዲያይ ለመርዳት ጭምር ነው። በክፍል ውስጥ ትርጉም ብቻ አስጽፎ በፈተና ላይ «አስረዳ» ማለት፣ ወይም በተቃራኒው ብዙ አስተንትኖ በፈተና ላይ «ስንት ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ፣ ተማሪውን የሚያሳስተው ዓላማው፣ ሥራውና ፈተናው ሦስት የተለያዩ መንገዶች ስለያዙ ነው።

ተማሪው ይዞት የሚመጣው ሐሳብ

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ልጅ ሁሉ አየሩ እየሞቀ መሄዱን በቆዳው ያውቀዋል። ደሴ ደጋ፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ፣ ከባቲ ወዲያ ያለው ቆላ መሆኑን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው «ደሴ ተራራ ስለሆነች» ይላል፤ ከሁለቱ የባሰው ደግሞ ተማሪው ሳይናገረው በልቡ የሚይዘው ነው፦ ከፍ ያለ ቦታ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ይበልጥ መሞቅ ነበረበት የሚለው ሐሳብ። ይህ የተሳሳተ ግምት ካልተነካ አዲሱ ማብራሪያ ከላይ ይደረብበታል እንጂ አይተካውም፤ ከፈተና በኋላም አሮጌው ሐሳብ ተመልሶ ይወጣል።

ስለዚህ ከማስተማርዎ በፊት ይጠይቁ። አጠያየቁ ግን ክፍሉን በሙሉ የሚያሳትፍ መሆን አለበት። «እሺ፣ ማን ይነግረናል?» ብሎ መጠየቅ እጃቸውን ሁልጊዜ የሚያወጡትን አምስት ልጆች ብቻ ያስመልሳል፤ ሌሎቹ ሃምሳ አምስቱ ማሰብ እንደማይጠበቅባቸው ከዓመታት ልምድ ያውቁታል። ጥያቄውን በአራት ምርጫ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ ለማሰብ ጊዜ ይስጡ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሳቸውን በጣት ቁጥር በደረታቸው ልክ እንዲያሳዩ ያድርጉ። አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ጣት ለ፣ እያለ ይቀጥላል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የስልሳ ተማሪዎችን ሐሳብ ያያሉ፤ ወጪም የለውም።

የማሰቢያ ጊዜው ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጓቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ደግሞ የተማሪዎቹ መልስ ረዘም ያለና በምክንያት የተደገፈ እንደሚሆን፣ ቀድሞ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ለመምህሩ ከባድ ነው፤ ሰዓት እያዩ መቁጠር ይረዳል።

የጣት መልሶቹ ከታዩ በኋላ ምን ይደረግ? በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተከተሉት መንገድ እዚህ ይጠቅማል። ከ70 በመቶ በላይ ተማሪ በትክክል ከመለሰ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ማለፍ ይቻላል። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ጽንሰ ሐሳቡን እንደገና ማስረዳት ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ሲሆን ግን መልሱን ሳይናገሩ ተማሪዎቹ ከእነሱ የተለየ መልስ ካለው ጎረቤታቸው ጋር ለሁለት ደቂቃ እንዲከራከሩ ማድረግና እንደገና ማስመረጥ ነው። ክርክሩን ሲያዳምጡ ከመምህሩ ማብራሪያ የበለጠ ግልጽ የሆነ ማስረዳት ከተማሪ አፍ ሲወጣ ይሰማሉ፤ ምክንያቱም ገና ትናንት የገባው ልጅ ያልገባው ልጅ የት ላይ እንደተሰናከለ በደንብ ያውቃል።

በእኛ ምሳሌ ማብራሪያው እንዲህ ይሄዳል። ፀሐይ ከምድር በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ የደሴ የ650 ሜትር ብልጫ ምንም ለውጥ አያመጣም። አየር ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያገኘው በፀሐይ ከሞቀው መሬት ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ግፊቱ ሲቀንስለት ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ይህን ስትጨርሱ አንድ ጎበዝ ተማሪ «ቲቸር፣ ደሴም እኮ መሬት ናት፤ ታዲያ የራሷ መሬት ለምን አያሞቃትም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አስቀድመው ይዘጋጁበት፦ የደሴም መሬት ይሞቃል፤ ነገር ግን በላዩ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይፈጥናል። በተጨማሪም 6.5 ዲግሪ የሚለው አማካይ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ የበጋ ጧት ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛው ቦታ ወርዶ ስለሚተኛ ስሌቱ የማይሠራባቸው ሰዓታት አሉ።

በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይያዛል?

ሰው አዲስ ነገር ሲማር በአንድ ቅጽበት በአእምሮው ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ጥቂት ነው፤ ተመራማሪዎች አራት ያህል ነገሮች እንደሆኑ ይገምታሉ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር ሌላ ሸክም አለበት፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። «አልቲትዩድ»፣ «ቴምፕሬቸር» እና «ፕሬዠር» የሚሉትን ቃላት ገና እየለየ ሳለ በእነሱ ውስጥ የታሸገውን ሐሳብ እንዲረዳ፣ የመምህሩን ንግግር እንዲያዳምጥ፣ ሰሌዳውንም እንዲገለብጥ ይጠበቅበታል። ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ተብሎ የሚታለፈው ልጅ በእርግጥ አቅም ያነሰው ሳይሆን የተጫነበት የበዛበት ነው።

መፍትሔው ሸክሙን በየተራ ማቅረብ ነው። ቁልፍ የሆኑትን ሦስት ወይም አራት ቃላት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ ይጻፉና እስከ መጨረሻው አያጥፏቸው። ሐሳቡ መጀመሪያ በአማርኛ ይግባ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይነገር፤ በክፍል ውስጥ አማርኛ መጠቀምን እንደ ጥፋት የሚያዩ ቢኖሩም፣ ተማሪ በማይገባው ቋንቋ ያልገባውን ሐሳብ በቃሉ መያዙ ለቋንቋውም ለትምህርቱም አይጠቅምም ብዬ አምናለሁ። ሲናገሩ አያስጽፉ፤ ሲያስጽፉ አይናገሩ።

ስሌትን በተመለከተ ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልጀብራ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ጀማሪ ተማሪ ገና ከጅምሩ ብዙ ጥያቄ ተሰጥቶት ብቻውን ከሚታገል ይልቅ ተሠርተው የቀረቡ ምሳሌዎችን እያጠና ቢለማመድ በአጭር ጊዜ የተሻለ እንደሚማር አሳይተዋል። በእኛ ትምህርት የመጀመሪያው ምሳሌ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይሆናል፤ መምህሩ እያንዳንዱን እርምጃ ከምክንያቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ይሠራዋል፦ 2,500 ሲቀነስ 1,850 እኩል ይሆናል 650 ሜትር፤ 650 ሜትር የ1,000 ሜትር 0.65 ስለሆነ 0.65 ሲባዛ በ6.5 እኩል ይሆናል 4.2 ዲግሪ ያህል፤ ወደ ላይ ስለወጣን ከ24 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ደሴ 19.8 ዲግሪ ገደማ ትሆናለች። ሁለተኛው ምሳሌ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ባቲ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ሰሌዳው ላይ ይሰጣል፣ ቀሪውን ተማሪው ይጨርሳል፤ እዚህ ላይ ወደ ታች ስለምንወርድ መደመር እንጂ መቀነስ እንደማይገባ ራሱ እንዲደርስበት ይተዉት። ሦስተኛው ከባቲ ወደ ደሴ ሲሆን ምንም እገዛ አይሰጥበትም። እገዛው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ተማሪው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደተሰናከለ በግልጽ ይታያል።

ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የሚማር ሕፃን ከፊደል ቀጥሎ በአንድ ጊዜ ዳዊት አይሰጠውም፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ ከዚያም በቁም ንባብ እያለፈ፣ አንዱን ሳያጸና ወደ ሌላው ሳይሻገር፣ ቀስ በቀስ ይደርሳል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያስተማሩበት የወሎ ምድር በደረጃ የማስተማር ልምድ የሌለው አይደለም።

የቡድን ሥራ

ቡድን መሥርቶ ማስቀመጥ ብቻውን ምንም አያስተምርም። አንድ ለአምስት በሚባለው አደረጃጀት ብዙ ክፍሎች ውስጥ የሚታየው፣ ጎበዙ ልጅ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን ማስጻፋቸው ነው። በተጨናነቀና ዴስኮቹ በማይንቀሳቀሱበት ክፍል ሁለት ሁለት አድርጎ ማሠራት ይሻላል፤ ሁለት ሰው ሲሆን መደበቂያ የለም። ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ፦ መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን በደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ያነጻጽር፣ በመጨረሻ መምህሩ ከስም መጥሪያው ላይ ሳይታሰብ የአንዱን ስም ጠርቶ «ከጓደኛህ ጋር የተለያያችሁበት ምን ነበር?» ይበል። ጥያቄው ስለ ልዩነቱ ስለሆነ ያልገባው ልጅም ሳያፍር የሚናገረው ነገር ያገኛል። ሴት ተማሪዎች በኋላ ዴስክ ዝም ብለው የሚያልፉበት ልማድም በዚሁ ዘዴ ይሰበራል፤ ስም ሲጠራ ተራው ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

ትምህርቱ እንዳይረሳ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ለመሞከር ጊዜ ያለው መምህር ይህን ክፍል ይምረጥ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በአንዱ ብቻ አንብቦ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ፣ ራሳቸውን ሲፈትኑ የነበሩት 61 በመቶ ላይ ቆዩ። ለፈተና ዋዜማ ኖት ሲያነብ አድሮ «ይዤው ነበር፣ ጠፋኝ» የሚል ተማሪ የዋሸ አይደለም፤ ያንን ምሽት በእርግጥ ይዞት ነበር።

ወሎ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በቁርአን ቤት ልጁ ሉሕ በተባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን ምዕራፍ በቃሉ ለመምህሩ ካላሰማ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም፤ በአብነት ትምህርት ቤትም ተማሪው የተማረውን በመምህሩ ወይም በዘለቀው ተማሪ ፊት በቃሉ ይወጣዋል። ከእነዚህ ልምዶች መውሰድ የሚገባን ደጋግሞ ከራስ አውጥቶ የማሰማትን ሥርዓት ነው፤ በአስኳላው ትምህርት ግን ተማሪው የሚያሰማው ቃል በቃል የተያዘውን ሳይሆን በራሱ አነጋገር የተረዳውን መሆን ይኖርበታል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ይጀምሩ፦ አንዱ ካለፈው ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ስም ሲጠራና ተማሪው ሲረጋጋ ጥያቄዎቹ ሰሌዳው ላይ ይጠብቁት። ደብተር ተዘግቶ በአራት ደቂቃ ውስጥ በግል ይጻፋል፤ ከዚያ መልሱ ተነግሮ እያንዳንዱ የራሱን ያርማል። ነጥብ አይያዝበት፤ ነጥብ ከተያዘ መኮረጅ ይጀመራል፣ የልምምዱም ጥቅም ይጠፋል። ሦስቱ ጥያቄዎች ከተለያየ ጊዜ መምጣታቸው ራሱ ዓላማ አለው፤ ሊረሳ ሲል የተነሣ ነገር፣ ለማስታወስ የጠየቀው ጥረት ነውና፣ ይበልጥ ይጸናል።

የቤት ሥራ ሲሰጥም ጥያቄዎቹን ያደባልቁ። የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃዎች በአብዛኛው በርዕስ የተለዩ ስለሆኑ ተማሪው የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ሳያስብ ያው ያለፈውን ይደግማል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የሒሳብ ሙከራ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት በየዓይነቱ የተለማመዱት ተማሪዎች በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ፣ በድብልቅ የተለማመዱት 60 በመቶ አገኙ፤ ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ 20 በመቶ፣ የኋለኞቹ 63 በመቶ ሆኑ። ከአምስት ጥያቄ ሦስቱ የዛሬ፣ ሁለቱ የቀድሞ ርዕስ ቢሆኑ ለጅምር በቂ ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጸናበት የሚገባ ነገር አለ። በሃርቫርድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በፊዚክስ ክፍሎች በንቁ ተሳትፎ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና የተሻለ ውጤት እያመጡ፣ ስሜታቸው ሲጠየቅ ግን ጥሩ ንግግር ካዳመጡት ያነሰ የተማሩ እንደመሰላቸው አሳይቷል። ማሰብ ያደክማል፤ ድካሙም ያለመማር ይመስላል። ተማሪዎችዎ «ቲቸር፣ ለምን ዝም ብለው አያስረዱንም?» ቢሉዎት አይከፉ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የ83 እና የ40 በመቶውን ታሪክ በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያሳዩዋቸው። ወላጅም ባዶ የሚመስል ደብተር አይቶ ሊጠይቅ ይችላልና ይኸው መልስ ለወላጅም ይሠራል።

ምዘና ለማን?

ተከታታይ ምዘና በብዙ ትምህርት ቤቶች ተከታታይ ነጥብ መሰብሰብ ሆኖ ቀርቷል። ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ሰፊ የጥናት ዳሰሳ ምዘና ትምህርትን የሚያሻሽለው ውጤቱ የሚቀጥለውን ትምህርት ሲለውጥ መሆኑን አስረድተዋል። መምህሩ የሚያስፈልገው መዝገብ የሚሞላ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ነገ በምን እንደሚጀምር የሚነግረው መረጃ ነው።

የስልሳ ልጅ ደብተር በየቀኑ ማረም አይቻልም፤ አያስፈልግምም። መጀመሪያ ላይ የጻፉትን የመጨረሻ ጥያቄ በአምስቱ የመዝጊያ ደቂቃዎች ያሠሩና ወረቀቱን ከአንድ ረድፍ ብቻ ይሰብስቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከሌላው ረድፍ። ነጥብ ሳይሰጡ በሦስት ይለዩት፦ ስሌቱም ምክንያቱም የተሟላ፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ የጎደለ፣ ሁለቱም ያልሆነ። መካከለኛው ክምር ከበዛ ተማሪዎቹ ቀመሩን ይዘው ሐሳቡን አልያዙትም ማለት ነውና የነገው ክፍለ ጊዜ በአዲስ ርዕስ ሳይሆን በአየር መስፋትና መቀዝቀዝ ይጀምር። በነጥብ ብቻ የተመለሰ ወረቀት ለተማሪው የሚነግረው ደረጃውን ነው፤ «ስሌትህ ልክ ነው፤ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ምን እንደሚሆን ጨምር» የሚል አንድ መስመር ግን የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል።

የት ይጀመር?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ለንድፍ ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። አቅራቢዎቹ ዝግጁ፣ ሥዕሎቹ ያማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ቴሌቪዥኑ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ያልገባው ልጅ ሊያስቆመው፣ መምህሩም ሊያዘገየው አልቻለም። መርጃ መሣሪያ ሲመርጡ መጠየቅ ያለብዎት እንዴት እንደሚያምር ሳይሆን ተማሪው የሚያስብበት ክፍተት እንዳለው ነው። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ በዚህ መስፈርት ከብዙ ውድ መሣሪያዎች አያንሱም።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት መለወጥ አይሞክሩ። በመጀመሪያው ወር በአንድ ክፍል ብቻ የመክፈቻውን ሦስት ጥያቄዎች ይልመዱ፤ በሁለተኛው የጣት ምርጫውንና የሁለት ለሁለቱን ውይይት ይጨምሩ፤ የመዝጊያ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። የዓመቱ ዕቅድ ያስጨንቀኛል ለሚሉ፣ ጊዜው የሚገኘው ከኖት ግልበጣ ላይ ነው፤ ሙሉ ኖት ከማስጻፍ ይልቅ ዋና ዋና ነጥቦቹ ብቻ ያሉበትና ተማሪው በራሱ ቃል የሚሞላው ባዶ ቦታ ያለበት አጭር ኖት ሩብ ሰዓት ያህል ሊያተርፍ ይችላል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በሚገጥሙባቸው ወራት ከባዱን አዲስ ሐሳብ በጧት ክፍለ ጊዜያት አድርገው የከሰዓቱን ለልምምድና ለክለሳ ይተዉት፤ በወሎ ክፍሎች በአንድ ዴስክ ላይ የሁለቱም እምነት ጾመኛ ስለሚቀመጥ ይህ ለሁሉም ይጠቅማል።

የሚቻል ከሆነ ከትምህርት ክፍልዎ አንድ ባልደረባ ይዘው እየተቀያየራችሁ ተያዩ፤ ደሴ ላይ የሚያስተምር ኮምቦልቻ ካለ ጓደኛው ጋር የመክፈቻ ጥያቄዎችን በቴሌግራም ሊለዋወጥ ይችላል። የሚያየው መምህር የሚመዘግበው የባልደረባውን አነጋገር ሳይሆን ተማሪዎቹን ይሁን፦ በአሥረኛው፣ በሃያኛውና በሠላሳኛው ደቂቃ በኋላኛው ረድፍ ያሉት ልጆች ምን ይሠሩ ነበር? ከክፍል እንደወጡም በዕቅዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄና የሳተበትን ምክንያት። በሚቀጥለው ዓመት ያው ርዕስ ሲደርስ የክፍለ ጊዜው የጣት ምርጫ ጥያቄ የሚወጣው፣ የተሳሳቱት አማራጮችም የሚዘጋጁት፣ ከዚያ ማስታወሻ ነው።